ያልተረጎምኩት ምርቃት

ወልቂጤ ሳስተምር ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ነበረኝ። "ነበረኝ" የምለው እኔ ነኝ፤ እሱ ቢጠየቅ "ጓደኛዬ ነበረች" ይል ይሆናል። በመንገድ ሥራ ተመድቦ የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ከሥራ ስንወጣ ጁስ ቤት እንቀመጣለን፤ እሁድ እሁድ በባጃጅ ከከተማው ወጣ ብለን በእግራችን እንመለሳለን። መንገድ ላይ እጄን ይይዘኝ ነበር። የሚያውቁኝ ሰዎች ሲመጡ እጄን መንጭቄ እወስዳለሁ፣ እሱ ይስቅብኛል።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለመስቀል እምድብር አጠገብ ወዳለው ቤታችን ይዤው ሄድኩ። "የቤት ክትፎ ቅመስ" ብዬ ነው የጋበዝኩት። እውነቱን ለመናገር ነገሩ የክትፎ አልነበረም። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ለመስቀል ወንድ ይዛ ቤት ከገባች ነገሩ አልቋል። ይህን እሱ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። ሳልነግረው እንዲገባው ፈለግሁ።

አባቴ ከጎኑ አስቀመጠው። ቆጮውን በእጁ እየቆረሰ አቀረበለት፤ "በርታ እንጂ! የከተማ ሰው ሆዱ ጠባብ ነው" እያለ በአማርኛ ቀለደበት። ተበልቶ ሲያበቃ ግን ተነሣና በጉራግኛ መረቀ፤ አባቴ የልቡን የሚናገረው በጉራግኛ ብቻ ነው። "ለከርሞ እንግዳ ሳይሆን አማች ሆነህ ግባ። ሽማግሌዎችህን በዚህ ደጅ ያሳየኝ። ልጄን ሰጥቼሃለሁ" አለው። እንግዳዬ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ "አሜን!" አለ። አክስቶቼ እልል አሉ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ምን አሉ?" አለኝ።

"ለከርሞ በሰላም ያድርሳችሁ ነው ያለው" አልኩት።

አፍሬ ነው። እውነቱን ብተረጉምለት አግባኝ ብዬ የለመንኩት መሰለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ደግሞ ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ አውቄ ነው ያደረግሁት።

ወልቂጤ ተመልሰን ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ጁስ ቤት ተቀምጠን "ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?" አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "የምን ሽማግሌ? እኛ እኮ ገና እየተዋወቅን ነው።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ? አባቴ ቤት ገብተህ በልተህ?"

"ለበዓል እኮ ነው የጠራሽኝ! እኛ ሰፈር የጓደኛ ቤት በዓል ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ወደ ቤት ይኬዳል።"

ቢዋሸኝ ደስ ባለኝ፤ አልዋሸም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይህ አለመዋሸቱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሥራው ወደ ሌላ ከተማ አዛወረው፤ በየቀኑ የነበረው ስልክ በሳምንት፣ ከዚያ በወር ሆነ፣ ከዚያ ቀረ። አለቀስኩ፣ በጣም አለቀስኩ።

አባቴ ግን ሽማግሌዎቹን ይጠብቅ ነበር። ጥር ሲገባ እሁድ እሁድ አዲሱን ጋቢውን ለብሶ፣ ጀፎረው ላይ፣ ከደጃችን ፊት ባለው ሰፊ የሣር መንገድ ማለት ነው፣ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል አሉ። በስልክ የነገረችኝ እናቴ ናት። ከአገና መጥቶ እኔን ለልጁ የጠየቀ ሰውም ነበር፤ አባቴ "ልጄ ተሰጥታለች" ብሎ መልሶታል።

ይህን ስሰማ ሄድኩ። ወንበሩ አጠገብ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩና "አይመጡም፣ አባ" አልኩት።

ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ "አሜን ብሏል እኮ" አለ። "ሰው ፊት አሜን ያለውን የሚክድ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

እርግማን የሚከተል መሰለኝና አላስቻለኝም። "ጉራግኛ አይሰማም፣ አባ። ምን አሉ ሲለኝ፣ ለከርሞ ያድርሳችሁ አለ ብዬዋለሁ።"

ዞሮ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"እንግዲያ የዋሸኝ እሱ አይደለማ" አለ። ከዚያ ወንበሩን አንሥቶ ወደ ቤት ገባ።