እህቴ ሹራብ ለብሳ ጅቡቲ የመጣች ጊዜ

ጅቡቲን ለመጎብኘት ምክንያት የሚዘረዝር ሰው ወይ ጅቡቲን አያውቃትም፣ ወይ ማቀዝቀዣ ሥር ተቀምጦ ነው የሚጽፈው። ይኼን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ታላቅ እህቴ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስልኳ ላይ አንብባ፣ ከልቧ አምናው፣ ልጄን ይዛ ከደብረ ብርሃን ድረስ ስለመጣች ነው።

ጸሐፊው ማን እንደሆነ አላውቅም። ባገኘው ቀትር ላይ እኔ የምኖርበት ካርቲየ ዶ መሀል አቁሜ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደርገው ነበር። ካርቲየ ዶ ሰፈር ሁለት ማለት ነው። ስም ለማውጣት እንኳ ያልተጨነቁለት ሰፈር ነው። ጽሑፉ ግን ስለዚህ አያወራም። «በተራሮች አጠገብ ያለች ደማቅ ከተማ» ብሎ ይጀምራል። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ደጋ የኖረች ሰው ናት። ለደጋ ሰው ተራራ ማለት ብርድ ነው፤ ጉምና ውርጭ ነው። ስለዚህ ለራሷ ወፍራም ሹራብ፣ ለልጄ ባለ ቁልፍ ሹራብ፣ ጋቢ፣ ለእኔም ሳይቀር የሱፍ ካልሲ ሸክፋ ባቡር ላይ ወጣች። ወሩ ነሐሴ ነበር።

ናጋድ ጣቢያ ስቀበላቸው ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ ነበር የወረደችው። ላቡ ከግንባሯ ይወርዳል።

«እታለም፣ እሱን አውልቂው እንጂ» አልኳት።

«ንፋሱ አይመችም» አለችኝ።

ንፋሱስ እውነትም አይመችም። በነሐሴ ጅቡቲ የሚነፍሰው ንፋስ የምድጃ አፍ ሲከፈት ፊትን የሚመታው ዓይነት ነው። እሷ ግን ስለ ሌላ ንፋስ ነው የምታወራው። ሹራቡን ካወለቀች ጽሑፉ ዋሽቷል ማለት ነው፤ እህቴ ደግሞ የተጻፈ ነገር ይዋሻል ብላ አታምንም። ልጄን ግን በመኪና ወደ ቤት ስንሄድ ሹራቧን አስወለቅኳት፤ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነበር።

እህቴ የመጣችው ለሽርሽር አልነበረም። ልጄን ጡት እንዳስጣልኳት ነው ለእሷ ትቼላት ወደዚህ የመጣሁት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከፈረንጆች ቤት ኩሽና ጀርባ ባለች ክፍል እያደርኩ ሠራሁ፤ እዚያ ልጅ አይገባም። አሁን ግን የራሴ ክፍል አለኝ፣ እዚያው ቤት ቀን ሠርቼ ማታ እመለሳለሁ፣ የኛ ሰዎች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤትም ቦታ አግኝቻለሁ። ልጄን አምጪልኝ ብዬ ለመንኳት። «መጀመሪያ አገሩን ልየው» አለች። «ለልጅ የሚሆን ከሆነ ትቻት እመለሳለሁ። ካልሆነ አብራኝ ትመለሳለች።» ያሳደገቻት እሷ ናትና ምን ብዬ ልከራከር?

እንዲህ ላለ ሰው ከተማውን ማሞገስ ነበር የሚያዋጣኝ። ግን ያንን ጽሑፍ ከፍታ ማንበብ ስትጀምር አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«መጀመሪያ ድምቀቱን አሳዪኝ» አለች። ምኒልክ አደባባይ ወሰድኳቸው። ካፌዎቹ ውስጥ የውጭ ወታደሮች ቀዝቃዛ ነገር ይጠጣሉ፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ጥላ ለጥላ ይሄዳል። ቀትር ሲቃረብ ሁሉም ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ባለሱቁ ከሱቁ፣ ሠራተኛው ከቢሮው ወጥቶ መንገድ ዳር ቆመ። ከዚያ ጥሩምባ ተነፋ፣ የጫት መኪና ገባ፣ ሻጮቹ ሴቶች በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለውን ቅጠል ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፉት፣ ሰው ተጋፋ፣ ተጯጯኸ። ጥቂት ቆይቶ አገሩ ጭጭ አለ። ሱቁ ተቆለፈ፣ ወንዱ የጫት እስሩን በብብቱ ይዞ ቤቱ ገባ፣ አደባባዩ ላይ እኛና አንዲት ፍየል ቀረን።

«ይኸው ድምቀቱ» አልኳት። «እሱም ቢሆን የኛው አገር ቅጠል ነው። ዛሬ ጠዋት ከኛ አገር ተቆርጦ ባይመጣ ይቺን ያህልም አትደምቅም ነበር።»

እህቴ አልሳቀችም። ልጄ ግን አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ልጄ እኔን «አንቺ» ብላ ነበር የምትጠራኝ፤ «እማዬ» የምትላት እህቴን ነው። ስትስቅልኝ ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ምላሴ ይባስ ተሳለ።

ቀጥሎ ጽሑፉ «የየመኖችን ዓሣ ሳይቀምሱ እንዳይመለሱ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ዓሣው ጥሩ ነው። ግን ጸሐፊው ፍልሰታ የሚባል ጾም መኖሩን አያውቅም። እህቴ ዓሣ ቤቱ በር ላይ ጭሱ ሲመጣባት አማትባ አለፈች።

«ልጅቷ ዘንድሮ ፍልሰታን ጀምራ እስካሁን አልገደፈችም» አለችኝ። አንቺ ጋ ብትሆን ግን ትገድፋለች ማለቷ ነው። ስታየኝ ገባኝ።

በሦስተኛው ምክንያት መሠረት ባሕሩ ዳር መናፈስ ነበረብን። ፀሐይ ስትበርድ ራስ ዲካ ወረድን። ውኃው የሞቀ የሳህን እጣቢ ይመስላል፤ ከወደቡ የሚመጣው የዘይት ሽታም አለ። ግንቡ ላይ የኛ አገር ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ወደ የመን የሚያሻግራቸው ሰው እስኪጠራቸው የሚጠብቁ፣ ጫማቸው በመንገዱ ያለቀ። አማርኛችንን ሲሰሙ ብድግ አሉ።

«እናታችን፣ ከየት ናችሁ?» አላት አንዱ።

እህቴ ቦርሳዋን ከፍታ የያዘችውን ዳቦ ቆሎ በሙሉ አከፋፈለቻቸው። የጠየቃት ልጅ ከቦርሳዋ ብቅ ያለውን ጋቢ አየው። «ጀልባው ላይ ይበርዳል ይላሉ» አለ፣ እያፈረ። አውጥታ ሰጠችው። በዚያች ከተማ ጋቢ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ እህቴ አገኘችው።

ስንመለስ «እነዚህ እናት የላቸውም?» አለችኝ።

«አላቸው። ለነሱም ደላላ ምክንያት ዘርዝሮላቸው ነው» አልኳት። ይኼን ስል ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። ያ ሰውዬ ስለ ተራሮቹ ውበት ሲጽፍ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያሉትን ተራሮች በእግራቸው እየዞሩ ወደ ጀልባው የሚሄዱት የኛ ልጆች መሆናቸውን አልጻፈም።

«ተራራውስ የታለ?» ትላለች እህቴ በየቀኑ። ማዶው በአቧራ ተሸፍኖ አይታይም። የምሠራላቸው ፈረንጆች በየሳምንቱ ውሻቸውን መኪና ላይ ጭነው ተራራ ላይ ወዳለችው አርታ ይወጣሉ፣ እዚያ ነፋሻ ነው ይላሉ። ውሻው አርታን ያውቃል። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን የማውቀው ከውሻው እግር ላይ የማጥበውን የአርታን አፈር ነው። ይኼንንም ለእህቴ ነገርኳት። ሹራቧን አላወለቀችም፤ ቁልፉን ግን አንዱን ፈታችው።

በመሄጃዋ ዕለት ንጋት ላይ ንፋሱ ዞሮ ማዶው ጠራ። ሦስታችንም ጣሪያው ላይ ወጣን። ተራሮቹ ከባሕሩ ወዲያ ግራጫ ሆነው ተደርድረዋል።

«ይኼ ነው?» አለች ልጄ።

«ይኼ ነው» አልኳት።

አየችው፣ አየችውና ለንቦጯን ጣለች። «ሣር እንኳ የለውም። በግ ቢወጣበት በረሃብ ይሞታል።»

እህቴ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች። «አፏ ያንቺው ነው» አለችኝ።

ሳቋ ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሻይ አፍልቼ ስመለስ ግን እህቴ ልጄን ሹራቧን አልብሳ፣ እስከ ላይ ቆልፋ፣ ጸጉሯን አስራ አገኘኋት። ሲደርሱ አገራቸው ይበርዳላ። ናጋድ እስክንደርስ የልጄን እጅ ይዤ በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ ነበር፤ የሚታይ ነገር ኖሮ አይደለም።

ጣቢያው በር ላይ እህቴ ሻንጣዋን አስቀመጠችና ፊቴ ቆመች።

«ይኼን ሁሉ ቀን ስታንቋሽሺ ሰማሁሽ» አለችኝ። «ያንን ጽሑፍ እንዳልነበር አደረግሽው። እሺ፣ አንቺ ደግሞ አንድ ምክንያት ንገሪኝ። ልጅቷ ለምን እዚህ ትቅር?»

ፈለግኩ። ባሕሩን ሰድቤዋለሁ፣ ድምቀቱን ሰድቤዋለሁ፣ ተራራውን ልጄ ራሷ ሰድባዋለች። ትምህርት ቤቱን አስቀድሜ ነግሬያታለሁ፤ ትምህርት ቤት ደብረ ብርሃንም አለ።

«እኔ አለሁ» አልኳት በመጨረሻ። «እዚህ እኔ አለሁ፣ እታለም።»

ሰው ሻንጣውን እየጎተተ በመካከላችን ያልፋል። እህቴ ጎንበስ አለችና የልጄን ሹራብ ቁልፎች ከላይ ጀምራ ፈታቻቸው። አወለቀችላት፣ አጠፈችው፣ የራሷ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። ልጄን አቅፋ አንገቷ ሥር ብዙ ሳመቻት።

«ፍልሰታን እንዳታስገድፊያት» አለችኝ።

የራሷን ሹራብ እስከ አንገቷ ቆልፋ ባቡሩ ላይ ወጣች።