የክፉ ቀን አንሶላ

አክስቴ በምትሠራበት ሆስፒታል ለጠፋ ነገር ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ "ውሃ በላው።" አንሶላ ሲጎድል ነርሶቹ እጥበት ክፍሉን ይከሳሉ፣ እጥበት ክፍሉ ውሃውን ይከሳል፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ ገና በሩን ሳታንኳኩ "የለም" ይላል። እኔ እዚያው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ይህን ጭቅጭቅ ስሰማ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ ጆሮዬ ደንድኗል።

አክስቴ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰምታዋለች። ስፌት ክፍሉ የእሷ ነው። ክፍል ከተባለ ማለቴ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛና አንድ መስኮት። ሰው ሁሉ "እትዬ መርፌ" ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ይመስላችሁ ይሆናል፤ ምላሷ ስለሚወጋ ነው። መሃሉ የሳሳ አንሶላ ሲመጣላት አትጥለውም። ከላይ እስከ ታች ለሁለት ትቀደውና ሰው ያልተኛባቸውን ሁለቱን ዳሮች መሃል ላይ አጋጥማ ትሰፋቸዋለች፤ የሳሳው ዳር ይሆናል። እንዲህ የታደሰ አንሶላ ሌላ ሁለት ዓመት ያገለግላል።

"ሰው መሃል መሃሉን ብቻ ተኝቶ አንሶላው አለቀ ይላል" ትላለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። እኔም ማስታወሻ ልይዝ ገባሁ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ከላይ ሲጠይቁት ከታች የሚጠይቅ ነው።

"እትዬ፣ የአራሶች ክፍል ውስጥ አሥራ ስድስት አልጋ አንሶላ የለውም" አላት። "እስከሚቀጥለው ዓመት መግዣ በጀት የለንም። እስከ ዓርብ መላ ካልተገኘ ክፍሉን እዘጋለሁ። ወላዶች ወደ ሌላኛው ሆስፒታል ይሄዳሉ።"

ሌላኛው ሆስፒታል በመኪና ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ምጥ ደግሞ ቆይ ቢሉት አይሰማም።

"እስከ ዓርብ ይስጡኝ" አለች አክስቴ።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። ተናድጄ ነበር። "ከየት ልታመጪው ነው? ጥጥ ልትፈትዪ ነው?"

"አንቺ አፍሽን ይዘሽ የግዢ መዝገቡን አምጪልኝ።"

አመጣሁላት። በአራት ዓመት ውስጥ አራት መቶ ሠላሳ አንሶላ ተገዝቷል። አሁን በእጥበት ክፍል የሚዞረው ግን መቶ ሃምሳ እንኳ አይሞላም። አክስቴ መነጽሯን አወለቀች።

"ውሃ ይህን ሁሉ ከበላ ሆዱ የታለ?" አለችኝ። "እዚሁ ነው ያለው። የክፉ ቀን ሆኖ ነው።"

"የክፉ ቀን" ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እያንዳንዱ ክፍል ወደ እጥበት የላከው በቁጥሩ እንደማይመለስለት ስለሚሰጋ ጥሩ ጥሩውን ይደብቃል። ነርሶቹ በሹክሹክታ "የክፉ ቀን አለሽ?" ሲባባሉ እሰማለሁ። በደበቁ ቁጥር የሚታጠበው ያንሳል፤ የሚታጠበው ባነሰ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይደብቃሉ። ለክፉ ቀን ስንል ቀኑን ሁሉ ክፉ አድርገነው ኖረናል። ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ግን ከእሷ በፊት የደመረው ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት የየክፍሉን ኃላፊዎች ስፌት ክፍል ጠራቻቸው። ቦታ ስላልበቃ ግማሹ ኮሪደር ላይ ቆመ።

"የክፉ ቀን ያላችሁን አምጡ" አለች። "ማን አመጣ ብዬ አልጠይቅም። ስም አልጽፍም። ለማንም አልናገርም።"

የቀዶ ሕክምና ክፍሏ ሲስተር "እኛ ጋ እንኳን የለም" አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው።

አክስቴ ወደ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ዞረች፣ የታችኛውን ሣጥን ከፈተችና አንሶላ ታወጣ ጀመር። አዲስ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ክው አልኩ። እሷ? በሰው ንብረት የማትደርሰው አክስቴ?

"ይቺ ስትወለድ" አለች በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች፣ "እህቴ ሁለት ቀን በፕላስቲክ ፍራሽ ላይ ተኛች። የምሰፋው እኔ፣ እህቴ ፕላስቲክ ላይ። ከዚያ ወዲህ የራሴ ሰው ሲተኛ አይቸግረኝም ብዬ አስቀምጣለሁ። ያረጀውን እያወጣሁ በአዲስ እየለወጥኩ። የራሴ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም፤ የሰው እህት ናት እየመጣች ፕላስቲክ ላይ የምትተኛው። አፍሬያለሁ።"

እናቴ ደህና ናት፤ ይኸኔ ቤቷ ሆና ጎረቤት ትቆጣለች። ይህን ታሪክ ግን አንድም ቀን አልነገረችኝም።

በማግስቱ አክስቴ የስፌት ክፍሉን በር ከፍታ ትታ ጀርባዋን ሰጥታ ውጭ ተቀመጠች። አንሶላው ይገባ ጀመር። ከኮርኒስ ላይ የወረደ ነበረ፤ ከኦክስጅን ሲሊንደር ኋላ የወጣ ነበረ፤ የአንድ ዶክተር የመኪና ወንበር ልብስ ሆኖ የቆየም ነበረ። እስከ ሐሙስ ማታ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረሰ። የሳሳውን እሷ በስፌት መኪናዋ ሰፋች፣ እኔ ጠርዙን በእጄ እያጠፍኩ ሰፋሁ፤ ሦስት ጊዜ ጣቴን ወጋሁ። አዲስ ደንብም አወጣች፤ ማንም ሰው ቆሻሻውን ይዞ ሲመጣ እዚያው በቁጥሩ ንጹሕ ተቀብሎ ይሄዳል። በእጁ ያገኘ ሰው ለምን ይደብቃል?

ዓርብ ሥራ አስኪያጁ የመዝጊያውን ማስታወቂያ ይዞ መጣ። አሥራ ስድስቱም አልጋ ተነጥፏል። አንዱን አንሶላ በእጁ ዳሰሰ፤ ከልቡ ደስ እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁ። ማስታወቂያውንም አጥፎ ኪሱ ከተተና የሰጠሁትን የቆጠራ ወረቀት አነበበ።

"ከየት ተገኘ?"

"ከዚሁ ከቤታችን።"

"ማን ነበር የደበቀው?" አለ። "እትዬ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ይጠይቀኛል። ሁለት መቶ አሥራ አራት አንሶላ እንዲሁ ጠፍቶ እንዲሁ አይገኝም። ስም እፈልጋለሁ።"

ሊያዩ የተሰበሰቡት የየክፍሉ ሲስተሮች ሁሉ ጫማቸውን ያዩ ጀመር።

"እኔ ነኝ" አለች አክስቴ።

"ሁሉንም?"

"የደበቅኩት እኔ ነኝ።"

ሰውዬው እንዳላመናት ያስታውቃል። "ጡረታዎ ስምንት ወር ነው የቀረው። ይህ እኮ ፋይልዎ ውስጥ ይገባል።"

"ይግባ። ባዶውን በርዶት ነበር።"

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መዝገብ ቤቱ ሌላ ጸሐፊ የለውም። ቁጥሩ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

"አክስቴ፣ ያንቺ እኮ አሥራ አንድ ነው። አሥራ አንድ ብዬ ልጻፍ።"

"አሥራ አንድ ካልሽ የቀረው የማን ነው ይሉሻል። አልናገርም ብያለሁ። ጻፊ።"

ሁለት መቶ አሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ አንድ የፊደል ግድፈት አሳረመችኝና ፈረመች። እኔ እያለቀስኩ ማኅተሙን አጣምሜ መታሁት።