መንፊያው ላይ የቀረ የጥርስ ምልክት

የያዙኝ በአፈሳ ነው። ያ ምርጫ ተደርጎ ከተማው የታመሰበት ሰሞን ነበር። መርካቶ በአድማ ሱቁን ሲዘጋ እኔ ምናለሽ ተራ ያለችውን የሥራ ክፍሌን ከፍቼ የአንድ ትራምፔት ጉብጠት አቃና ነበር። ፖሊሶቹ ጎረቤቴን «ለምን ዘጋህ?» ብለው ያዙት። እኔን ደግሞ «ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። ይህን ሥራ እንደ እኔ የሚሠራ ሰው በአገሩ እንደሌለ ማስረዳት ጀመርኩ። ሳልጨርስ መኪናው ላይ ነበርኩ። መዶሻዬን የተቀበሉኝ ጣቢያው በር ላይ ነው።

ክፍሉ ወርዱ አራት፣ ርዝመቱ ስድስት እርምጃ ነው። ሠላሳ አንድ ሰው ነበረበት። ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ የሚል ሽታ፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነበር። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የአንዋር መስጊድ አዛን ይገባል። አዛኑ የሚጀምርበትን ድምፅ በመጀመሪያው ቀን ለይቼ ነገርኳቸው። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የክፍሉ አለቃ አውቶቡስ ተራ የሚሠራ ሰፊ ትከሻ ያለው ተሸካሚ ነበር። እስረኞቹ ካቦ ይሉታል።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የሙዚቃ መሣሪያ ሐኪም ነኝ።»

«ሐኪም ከሆኑማ ወገቤን ይዩልኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ተቀምጬ ታሪኬን ነገርኳቸው። አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም። አንድ ቀን አንዲት ቅመም ሻጭ ገጹን እየቀደደች በርበሬ የምትጠቀልልበትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አይቼ ለመንኳት፤ የቀረውን ሰጠችኝ። ስለ ሳክስፎን ነበር። በመዝገበ ቃላት አራት ዓመት አነበብኩት። ዛሬ ከተማው ውስጥ ያሉ ነፊዎች ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ይህን ጉራ አትበሉት፤ እውነት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ፕሮፌሰር ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መርማሪው አስጠራኝ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ወጣት ነው። ሻይ አዘዘልኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳክስፎን ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ ይህን ትራምፔት እስቲ ይዩልኝ» አለ።

ትራምፔት! ሻዩን አስቀመጥኩ። ሳክስፎን መሆኑን፣ ከሳክስፎንም ቴነር የሚባለው መሆኑን ነገርኩት። አልቶ ቢሆን አንገቱ አንድ ጊዜ ታጥፎ ያበቃል፤ የቴነር አንገት ግን ወረድ ብሎ እንደገና ቀና ይላል። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

«ይገርማል። መቼም የማን እንደሆነ ግን ዕቃውን አይቶ ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

ያቺ «ማንም» የምትል ቃል ናት የጣለችኝ። አልመታኝም፣ አላስፈራራኝም። ሳክስፎኑን አንስቼ መንፊያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። የላይኛው ጥርስ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በአንድ በኩል ጠለቅ ያለ፣ በሌላው በኩል ግን እንደ ጥፍር ጫፍ የቀጠነ ምልክት አለ።

«ይህን የሚነፋው ሰው አንዱ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ ነው» አልኩ። «የአውራ ጣት ማሳረፊያውን እኔ ከበር እጀታ ቆርጬ ነው የሠራሁለት። አውቶቡስ ተራ ጀርባ ያለው ሆቴል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚነፋው ረጅሙ ሰውዬ ነው።»

እሱ ይጽፍ ነበር። እንዳያመልጠው ብዬ ቀስ እያልኩ ተናገርኩለት።

የሳክስፎኑ ሰፊ አፍ ውስጥ ምን ተጠቅልሎ እንደተገኘ አልነገረኝም። የተከለከለ ወረቀት እንደነበር፣ ዕቃውም በፍተሻ ያለ ባለቤት እንደተገኘ የሰማሁት በኋላ ነው። የሚወዱኝ ሰዎች «አታውቅም ነበር» ይሉኛል። አውቅ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ሳክስፎን ለጥገና እንዳልመጣ ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ደረቴን ነፍቼ ነበር። መርማሪው እንደ ባለሙያ እንዳማከረኝ፣ ነፊውን በጥርሱ ምልክት ብቻ እንዳወቅሁት ነገርኳቸው። ካቦው ዳቦውን እያኘከ አየኝ።

«እስቲ የዕቃውን ታሪክ ይንገሩን፣ ፕሮፌሰር» አለ።

ነገርኳቸው። የፈለሰፈው ሰው ቤልጂጋዊ ነው፤ አባቱም መሣሪያ ሠሪ ነበር። በልጅነቱ ከደረጃ ወድቋል፣ መርፌ ውጧል፣ ተቃጥሏል፤ ግን አልሞተም። ሲያድግ እንደ ነሐስ የሚጮህ፣ እንደ እንጨት የሚለሰልስ ድምፅ ፈለገ። አካሉን ከነሐስ ሠራው፤ የሚዘምረው ግን መንፊያው ላይ የሚታሰረው ስስ የሸምበቆ ልጥ ነው። ስለዚህ ሳክስፎን ነሐስ ለብሶ ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጎን ይቆጠራል። አንድ ብቻም አልሠራም፤ ቤተሰብ ነው የሠራው። ጥቃቅኖቹ ቀጥ ያሉት ሶፕራኖዎች ናቸው። ሠርግ ቤት የምናያቸው አልቶና ቴነር ናቸው። ባሪቶን ሆዱ ሰፊ ነው። ቤዝ ደግሞ እንደ ካቦው ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን አይሸከመውም።

«እኔ ነኝ ተሸካሚው!» አለ ካቦው። ከመካከላችን ቀጭን የሆነውን ልብስ ሰፊ ደግሞ ሶፕራኖ ብለው ሰየሙት።

«መጀመሪያ የወሰዱት የጦር ሠራዊት ባንዶች ናቸው» አልኩ። «ተቀናቃኞቹ ግን ዕድሜ ልኩን ሲከሱት ኖረው ደኽይቶ ሞተ። መጀመሪያ ለሕዝብ ሲያሰማ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ነው የነፋው ይባላል።»

«ለምን? ያፍር ነበር?»

«ቅርጹን አይተው እንዳይሰርቁት ነው።»

«ብልህ ነው» አለ ካቦው። «የሚያሳየውንና የማያሳየውን ለይቷል።»

ያን ጊዜም አልገባኝም።

በማግሥቱ የቀትር አዛን ሲሰማ በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም ሰው ገፍተው አስገቡ። ኮቱ አንድ እጅጌ አልነበረውም። ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ቆመ፤ ከዚያ እኔን አየና ፈገግ አለ። የተሸረፈችው ጥርሱ ታየች።

«ጋሼ! እርስዎንም ያዙዎት እንዴ? በእርስዎ ዕድሜ!»

ካቦው መጀመሪያ ጥርሱን፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ወንድም፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አለው።

«ሳክስፎን እነፋለሁ።»

ልብስ ሰፊው ወደ ግድግዳው ዞረ። ነፊው አንድ በአንድ አያቸው፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። እንዲነግሩት መጠበቅ አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «መንፊያውን አይቼ እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

ምላሱ የተሸረፈችውን ጥርስ ሲነካ አየሁ።

«ቴነር መሆኑንስ ነገሯቸው?» አለኝ። «ቤቴ ሲመጡ ‹ትራምፔቱ ያንተ ነው?› ነበር የሚሉኝ።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ቢመታኝ ይሻል ነበር። አጠገቤ ተቀመጠና የለበሰውን ኮት አውልቆ ግማሹን ሥሬ አነጠፈልኝ።

«ወለሉ ይበርዳል» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእኔ አይደለም ብያቸዋለሁ» አለኝ።

ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

በሚቀጥለው ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ቃሌ በሥርዓት ተጽፏል። ከመርማሪው ጋር ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ሳክስፎኑ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ። ምስክር ነዎት።»

በሕይወቴ ብዬው የማላውቀውን ቃል ፈልጌ አወጣሁት።

«አላውቅም» አልኩ።

«ምኑን?»

«የማን እንደሆነ አላውቅም።»

«ጥርሱ፣ የበር እጀታው፣ ያ ሁሉ?»

«ትልቅ ሰው መምሰል ፈልጌ ነው የቀባጠርኩት።»

ይህን ስል መዋሸቴ አልነበረም።

መርማሪው ሳክስፎኑን አነሳው። «ይህ አልቶ ነው፣ ቴነር?»

አንገቱ ወረድ ብሎ ቀና ማለቱ ዓይኔ ፊት ነበር።

«አላውቅም።»

«ይህቺ ቀጭን ነገር ምንድን ናት?» ሸምበቆዋን በጥፍሩ ጫረ። ጫፏ ተሰነጠቀ። እጄ ልትከለክለው ተነስታ ነበር፤ በሌላው እጄ ያዝኳት።

«አላውቅም።»

ፖሊሶቹ መሳቅ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ «እርስዎ» ቀረ።

«ታዲያ አንተ ምንድን ነህ?»

«ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነኝ።»

የቀድሞውን ወረቀት ቀደደውና ሌላ ጻፈ። ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ምንም ዓይነት ዕውቀት የሌለኝ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ስሆን፣ ቀደም ሲል የተናገርኩት በሙሉ ሐሰት ነው።» አንዱ ፖሊስ «ድገምለት» አለና ደግሞ አነበበው። ፈረምኩ። ፊርማዬ ሲያምር የታወቀ ነው፤ የዚያን ቀንም አሳምሬ ፈረምኩ። ለሐሰት ቃሌ ሁለት ሳምንት ተጨመረብኝ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ካቦው «ፕሮፌሰር፣ ምን አሉዎት?» አለኝ።

«ፕሮፌሰር አይደለሁም» አልኩት። ነፊው ቀና ብሎ አየኝ። ከኮቱ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

እሱን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱትና ሰባት ወር ያህል አቆዩት። የፈቱት ማስረጃ በማጣት ነው አሉ፤ ወረቀቴ ረድታው እንደሆነ አላውቅም። ሰባቱ ወር ግን ከእኔ አፍ የወጣ ነው። ቴነሩም አልተመለሰለትም።

ዛሬ አርጅቻለሁ፣ ግን አሁንም በዚህ ሥራ የሚስተካከለኝ የለም። ሰዎች ሲመጡ የቤልጂጋዊውን ታሪክ ከነመጋረጃው እነግራቸዋለሁ። ግድግዳዬ ላይ ከተሰቀሉት መሣሪያዎች አንዱን አሳይተው «የማን ነው?» ሲሉኝ ግን አላውቅም እላለሁ።

ነፊው ዛሬ አልቶ ነው የሚነፋው። ሲበላሽበት ይዞልኝ ይመጣል። ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ሄዶ አያውቅም፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ጨርሼ ስሰጠው በሬ ላይ ቆሞ ይሞክረዋል። ሸክላ የጫኑ ተሸካሚዎች እንኳ ቆም ብለው ይሰሙታል። መንፊያውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ግን እኔ ጥርሱ ሳትታየኝ ወደ መሣሪያ ሣጥኔ እዞራለሁ፤ ዘፈኑን ጨርሶ አፉን እስኪዘጋም መዶሻዬን እፈልጋለሁ።