ሦስቱ ነጭ ጣውላዎች

ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን መምህራችን ክፍል ውስጥ አንድ ጠርሙስ ከፈተች። ውስጡ ሶፓ ነበር፤ ስዊድኖች የእንጨት ወለል የሚያጥቡበት፣ ጥድ ጥድ የሚሸት፣ ማር የመሰለ ወፍራም ሳሙና። «አሮጌ ቤት መጠገን የሚማር ሰው ይህን ሽታ ማወቅ አለበት» አለችና ጠርሙሱን ከእጅ ወደ እጅ አስተላለፈችው። እኔ ጋ ሲደርስ አፍንጫዬ ስር ያዝኩትና መልሼ መስጠት አቃተኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ክንዴን እስኪነካኝ ድረስ የእማዬን እጅ እያሸተትኩ ነበር።

ትናንት ደግሞ ከትምህርት ቤት ስገባ «ምን ሆንሽ?» ብለህ ጠየቅከኝ፤ እንደ ልማድህ በስዊድንኛ። «ምንም» አልኩህ። ግን አንድ ነገር ነበር፣ ወንድሜ። አንተ ያኔ ገና በጋሪ የምትገፋ ሕፃን ስለነበርክ አታስታውሰውም። አባዬ አንተን ይዞ ሰፈራችን ሪንከቢ አደባባይ ላይ ፀሐይ ሲያሞቅህ፣ እኔና እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰማያዊው ቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ወደ ሥራዋ እንሄድ ነበር። እስቲ ከዚያ ጀምሬ ልጻፍልህ።

እማዬ አንድ ሙዚየም ውስጥ ጽዳት ትሠራ ነበር። ቪካሪ ነበረች፤ ቋሚው ሠራተኛ ሲታመም ወይም ዕረፍት ሲወጣ በስልክ የምትጠራ ምትክ። ስልኳ ከጮኸ ከጸሎት መካከልም ቢሆን ትነሳለች። በዚያ በጋ ግን ሼፏ፣ የሙዚየሙን ኃላፊ እንዲህ ነበር የምትላት፣ ከዕረፍት ሰሞን በኋላ አንድ ቋሚ ቦታ እንደሚከፈትና እሷንም እንዳሰበቻት ነገረቻት። እማዬ ያንን ቦታ እንዴት እንደፈለገችው! ስልክ መጠበቁ ሰልችቷት ነበር፤ በዚያ ላይ በሙዚየሙ ጓሮ ያለውን ቤት ወዳው ነበር።

ቤቱ የጃፓን ሻይ ቤት ነው። ሻይ የሚሸጥበት እንዳይመስልህ፤ ጃፓኖች እንግዳ ተቀብለው በጸጥታ ሻይ የሚያቀርቡበት፣ ቀለም ያልነካው ትንሽ የእንጨት ቤት ነው። እዚያው ጃፓን ክፍሉ ሁሉ ተፈትቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ እዚህ ከበርች ዛፎቹ ጀርባ እንደገና ተገጣጥሟል። እማዬ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ «አየሽ፣ ይሄም እንደኛ ከሥሩ ተነቅሎ የመጣ ነው። መኖሪያ ፈቃድ ያገኘው ግን ከኛ ቀድሞ ነው!» አለችና ሳቀች።

በፊት ለፊቱ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ስር፣ በረዣዥም ጣውላዎች የተሠራ በረንዳ አለው። ጣውላዎቹ ከዝናብና ከእግር ብዛት ግራጫም ቡናማም የማይባል፣ ዝም ያለ መልክ ነበራቸው። እማዬ እንድትሠራ የተፈቀደላት ቅጠሉን መጥረግና በደረቅ ጨርቅ ማበስ ብቻ ነበር። እኔ ጫማዬን አውልቄ እዚያ እቀመጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በዛፎቹ መካከል ሾልካ ስትመጣ እንጨቱ ይሞቃል፤ ቁም ሳጥን ሲከፈት የሚመጣ ዓይነት ደረቅ፣ ጣፋጭ ሽታ ከስሬ ይነሳል። ዛሬም ስለ በጋ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን ሼፏ መጥታ፣ የአንዱ ምሰሶ እግር ስለበሰበሰ በማግስቱ ከጃፓን ሽማግሌ አናጢ እንደሚመጣ ተናገረች። «እስኪመጡ ሻይ ቤቱን አንድ ጊዜ እይው» አለቻት። ለእማዬ ይህ በቂ ነበር። ሙዚየም ከመግባቷ በፊት አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት ቤት እየሄደች ትረዳ ነበር። ሴትየዋ የእንጨት ወለል በሶፓና በብሩሽ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ፣ እስኪነጣ ድረስ እንደሚፈተግ አስተምራታለች። እማዬ በዚህ ችሎታዋ ትኮራ ነበር።

«ከጃፓን ድረስ መጥተው ይሄን ጥቁረት ሊያዩ? ነውር አይደለም እንዴ?» አለችና ባልዲዋን ሞላች።

እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቡለ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ እበላለሁ፤ እሷ ተንበርክካ ትፈትጋለች። በቀስታ መዝሙር እያንጎራጎረች ነበር፤ ብሩሹ የመዝሙሩን ምት ይዞ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ከብሩሹ ስር ጠይም አረፋ ይወጣል፤ አረፋው ሲታጠብ ደግሞ እንጨቱ ልክ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሦስት ጣውላ እንደጨረሰች የሙዚየሙ መዝጊያ ሰዓት ደረሰ። ወገቧን ይዛ ተነሳች። ፊቷ በላብ ወዝቷል።

«እይው እስቲ!» አለችኝ። «አዲስ አልመሰለም? የቀረውን ጠዋት እጨርሰዋለሁ፤ በሙሉ ነጭ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።»

በማግስቱ ስንደርስ ግን እንግዳው ቀድመውን ነበር። ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ በሦስቱ ጣውላዎች ፊት ተንበርክከዋል። ከኋላቸው እዚሁ የምትኖር አንዲት ጃፓናዊት አስተርጓሚ ቆማለች። ሼፏ ፊቷ ቀልቷል።

«ይህን ያደረገው ማነው?» አለች።

«እኔ» አለች እማዬ፤ በስዊድንኛ፣ አንዲት ቃል ብቻ። እጄን ስትይዘኝ መዳፏ ቀዝቃዛ ነበር።

ሼፏ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ደንግጣ ነው። ቤቱ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂዋ እሷ ናት። ሦስቱ ጣውላዎች ይነሱና በአዲስ ይተኩ፣ አዲሶቹም ተቀብተው አሮጌ ይምሰሉ አለች። ወደ እማዬ ዞራ ደግሞ «እኛ በኋላ እንነጋገራለን» አለቻት። እማዬ ያንን «በኋላ» ምን እንደሆነ አላጣችውም። ቋሚው ቦታ ከእጇ ሲወጣ ያየችው ያኔ ይመስለኛል። ግን ወደ ሼፏ ሳይሆን ወደ ሽማግሌው ነበር የምታየው።

«ንገሪያቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «እንግዳ ይመጣል ብዬ ነው በያቸው። ለክፋት አይደለም በያቸው። ደግሞ አንቱ እያልሽ!»

በስዊድንኛ አንቱ የሚባልበትን መንገድ አላውቅም ነበር። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ተናገርኩ። አስተርጓሚዋ ወደ ጃፓንኛ መለሰችው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙና ጎንበስ ብለው ነጩን ጣውላ አሸተቱት፤ ከዚያ በጥፍራቸው በስሱ ነካ አደረጉት።

ንግግራቸው በሦስት ቋንቋ ዞሮ ነው እማዬ ጋ የደረሰው። ይህ እንጨት ሻይ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት የሌላ ቤት ወለል ነበር አሉ። ያ ቤት ሲፈርስ አልተጣለም፤ ለዚህኛው ተረፈ። አሁን የሄደው ስስ ቆዳው ነው፤ እንጨቱ ራሱ አለ። አውጥተን ብንጥለው ግን የሚተካው ሌላ እንጨት ነው፤ ቀለም ብንቀባው ደግሞ ሰው እናታልላለን። ቆዳው በፀሐይና በእግር ይመለሳል፤ ግን በየጊዜው የሚወለውለው ሰው ይፈልጋል፤ እጅ ባይለዋወጥ ደግሞ ጥሩ ነው።

ቀጥለው ወደ እማዬ በመዳፋቸው አመለከቱ፤ «ጉልበቷ ጠንካራ ነው። እሷ ትሥራው።»

ሼፏ ጎንበስ ብላ ነጮቹን ጣውላዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። በመጨረሻ «እሺ» ብላ ተነፈሰች። እማዬ ግን ቋሚ ቅጥሯን እስክትፈርም ድረስ አላመነችም።

ሽማግሌው በሰነበቱበት ጊዜ ከጥጥ ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፍተው፣ ውስጡን ሞልተው፣ አፉን አስረው ሰጧት። ጣውላው የሚወለወለው በዚህ ነው አሉ። እማዬ ከረጢቱን ፈትታ አየችና ዓይኗ ፈጠጠ።

«ፉርሽካ? የሩዝ ፉርሽካ? እኛ አገር እኮ ይሄን የምናበላው ለከብት ነው!»

ይህም ዞሮ ሲደርሳቸው ሽማግሌው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። የእነሱም ከብት ይበላዋል አሉ፤ ከወለሉ የተረፈውን።

የምሰሶውን የበሰበሰ እግር ብቻ ቆርጠው፣ አዲስ እንጨት ያለ አንድ ሚስማር እንደ ተጠላለፈ ጣት ሲያገጣጥሙት አይቻለሁ። አሮጌውን አንድ ጣት ያህል እንኳ ከሚገባው በላይ አልቆረጡም። ሲጨርሱ ብረት አግለው፣ አዲሱ ቁራጭ ላይ፣ ማንም በማያየው በኩል ዓመቱን ተኮሱት። የተቃጠለው እንጨት ሽታ ጓሮውን ሞላው።

«ማንም የማያየው ቦታ ለምን ይጻፋል?» አለች እማዬ።

«ከእኛ በኋላ የሚጠግነው ሰው አሮጌ መስሎት እንዳይታለል።»

«ታዲያ የእኔንስ ጣውላዎች አይተኩሷቸውም?»

«እነሱ አሮጌ ናቸው» አሉ ሽማግሌው። «ፊታቸውን ነው የታጠቡት።»

ከዚያ በኋላ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከረጢቷን ይዛ ትንበረከክ ነበር። ፉርሽካው እንጨቱ ላይ ሲታሽ የተቆላ እህል የመሰለ ለስላሳ ሽታ ይሰጣል። ክረምት መጥቶ በረዶው ክፈፉ ላይ ሲቆለል እንኳ አትቀርም። ነጮቹ ጣውላዎች ቀስ ብለው የቅቤ መልክ፣ ከዚያ የሻይ መልክ ያዙ። በየጊዜው ራቅ ብላ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታያቸውና፣ «ገና ነው፤ ገና ያሳብቁብኛል» ትላለች። እኔ ግን አድጌ ቅዳሜዬን ለጓደኞቼ መስጠት ጀመርኩ፤ እሷ ብቻዋን ትሄድ ነበር። ሕመሙ አልጋ ላይ እስኪጥላት ድረስ ሄዳለች። ከዚያ እስከ ቀብሯ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ።

ትናንት መምህራችን ክፍላችንን ይዛ የሄደችው እዚያ ነው። እማዬ እዚያ ትሠራ እንደነበር አልነገርኳትም። ለእያንዳንዳችን የቤቱን ሥዕል ሰጠችን፤ አዲስ እንጨት የገባበትን በቀይ እርሳስ እንድንቀባ፣ የጥንቱን ደግሞ ባዶ እንድንተው። እኔ ቀጥታ ወደ ምሰሶው ሄጄ፣ መሬት ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ በስልኬ መብራት የተተኮሰውን ዓመት አገኘሁት። መምህሯ ሁሉንም ጠርታ አሳየቻቸውና «ጎበዝ!» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ታውቀኛለህ፣ ጎበዝ ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ጫማዬን አውልቄ በረንዳው ላይ ወጣሁ፤ ጣውላዎቹን ፍለጋ። ከበሩ ወዲህ ያሉት መሰሉኝ፤ አይደሉም። ከድንጋዩ ትይዩ ያሉትን አየሁ፤ እነሱም እንደ ሌሎቹ ናቸው። ተንበርክኬ በመዳፌ ዳበስኳቸው፤ ጎንበስ ብዬ አሸተትኳቸው። የዝናብ ሽታ ብቻ። ከዳር እስከ ዳር አንድ መልክ፣ ያ ዝም ያለ መልክ። የእማዬ ቅዳሜዎች በሙሉ ያለቁት ለዚህ ነበር፤ እንዳያሳብቁባት፤ ተሳክቶላታል። እኔ ደግሞ ትንሽ፣ ጥፍር የምታህል ነጭ ቦታ እንኳ ብትተርፍ ብዬ ነበር የሄድኩት።

መምህሯ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። «እነዚህስ?» አለች።

«የጥንቱ እንጨት ነው» አልኳት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ራሷን በአዎንታ ነቅንቃ አለፈች። ቀዩ እርሳስ በእጄ እንዳለ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ ኪሴ ከተትኩት። ሥዕሉ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ስትመለስ አሳይሃለሁ። ከምሰሶው እግር በቀር ምንም አልቀባሁም። ሥዕሉ ላይ በረንዳው እማዬ ለእንግዳዋ እንዳሰበችው ነው፤ በሙሉ ነጭ።