አማረችና የባኪዋ ማሞቂያ

አቢሶን አልወደውም። ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። አማረችን ግን እወዳታለሁ። በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ባለችው ካትሌሆንግ፣ ስፓዛ የሚባሉት ትንንሽ የሰፈር ሱቆቻችን ግድግዳ ይጋራሉ፤ ሁለታችንም ብረት በሩን ቆልፈን እዚያው እናድራለን። ስትስል ይሰማኛል፣ ስታለቅስም ሰምቻታለሁ።

ባሏን አለማየሁን ኮሮና ወሰደባት። ሬሳውን አገር ቤት መላክ አልተቻለም፤ ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን ቆመን እዚሁ ቀበርነው። ገና እንባዋ ሳይደርቅ የባሏ ታናሽ ወንድም አቢሶ ከጎረቤት ከተማ ከጀርሚስተን መጣ። «በእኛ ቤት ወግ የወንድም ቤት ባዶ አይቀርም፤ ሚስቱንም ሱቁንም እኔ ነኝ የምይዘው» አለ። ዓይን አውጣ! የሟቹን ጋቢም ጠየቀ። በነሱ ቤት የሟቹን ጋቢ የደረበ ቤቱን ወረሰ ማለት ነው። አማረች ጋቢውን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ችግሩ ባኪዋ ነበረች። አገር ቤት ዝናብ በሚወርድበት ወር እዚህ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ያቺ ከኋላ ክፍት የሆነች አሮጌ የናፍጣ መኪና ደግሞ በብርድ ሞተሯ እሺ አይልም። አማረች ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ገበያ ካልደረሰች ሱቁ ባዶ ነው፤ ደንበኛዋ ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ በየማለዳው ለአቢሶ መደወል ሆነ። እሱም ይመጣል፣ በራሱ መኪና በገመድ ጎትቶ ያስነሣላታል፣ ከዚያ አፉን ይከፍታል። «አየሽ? ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ!» ይላታል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን መኪናዋን ይዛ ፎርድስበርግ ሄደች፣ መካኒኩ ሙዘሚል ዘንድ። ሙዘሚል ከብርድ አገር የመጣ መኪና ሲፈርስ ያወለቀው የሞተር ማሞቂያ ነበረው። «እዚህ አገር ይህን የሚገጥም የለም እህቴ፣ ላንቺ ሞተር ግን ልክ ነው» አላት። የራዲያተሩን ውሃ አፈሰሰ፣ ከሞተሩ ጎን ያለችውን ክብ መዝጊያ አውልቆ ማሞቂያውን በቦታዋ አስገባ፣ ውሃውን መለሰና ሽቦውን ከፊት አወጣላት። ማታ መኪናዋን በሩ ሥር አቆመች፣ ሽቦውን በበሩ ሥር አሾልካ ሶኬት ላይ ሰካች። ጠዋት ባኪዋ በአንድ የቁልፍ ዙር ተነሣች። እኔ በቢጃማዬ ወጥቼ እልልታዬን አቀለጥኩት።

ስልኩ ሲቀርበት አቢሶ መጣ። ሽቦውን አየና ተመለሰ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ወዲያው ሽማግሌ ሰበሰበ። «ያለ እኔ ከደጇ ንቅንቅ አትልም። ኑና በዓይናችሁ እዩ፤ መኪናዋ ካልተነሣች ጋቢውን ትስጠኝ» አለ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ለገሠ ደወሉላት።

«ከተነሣችስ ጋሼ?» አለቻቸው።

«ከተነሣች፣ ልጄ፣ ዳግመኛ ደጅሽን አይረግጥም።»

ግን ያ ተንኮለኛ ቀኑን የመረጠው አስቦበት ነው! ሎድ ሼዲንግ፣ ያ መብራት በተራ የሚቆረጥበት ፕሮግራም፣ በዚያ ሌሊት የእኛን ሰፈር ጨለማ ሊያደርገው ነበር። አማረች ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ፕሮግራሙን ከእሱ ቀድማ አይታዋለች።

ጎህ ሲቀድ መጡ። መሰብሰብ ስለተከለከለ ሽማግሌዎቹ ማስካቸውን አድርገው መንገዱ ላይ ተራርቀው ቆሙ። አንዲት ጎጎ፣ የሰፈሩ አሮጊት፣ ዳቦ ልትገዛ የእኔ በር እስኪከፈት እየጠበቀች ታያለች። አቢሶ ሽቦውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ሳቀ። ሲያስጠላኝ!

«መብራት የለም። በይ፣ ጋቢውን አምጪ» አላት።

«ጋቢውን ነው የምትፈልገው?»

ኮፈኑን ከፈተችው። ጋቢው ሞተሩን አቅፎት ነበር። መብራቱ እስኪሄድ ማሞቂያውን ሰክታ፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ በባሏ ጋቢ ጠቅልላው ነው ያደረችው። ገፈፈችው፤ ጠርዙ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል።

«የወንድሜን ጋቢ! ይህ ነውር ነው፣ አያችሁ አይደል?» ብሎ ጮኸ አቢሶ።

ጋሽ ለገሠ ጋቢውን ዳሰሱት። «ገና ይሞቃል» አሉ።

አማረች ያንን ጋቢ ከነዘይቱ በገዛ ትከሻዋ ላይ ደረበችው፣ መኪናው ውስጥ ገባች፣ ቁልፉን አዞረች። ባኪዋ አንዴ አጉረመረመችና ተነሣች። «ሃይቦ!» አለች ጎጎ በመገረም።

«ጋቢውን የደረበ ነው አይደል ቤቱን የሚወርሰው?» አለች አማረች በመስኮቱ። «እንግዲህ ደርቤዋለሁ። ገመድህን ይዘህ ሂድ።»

አቢሶ ሽማግሌዎቹን አየ። አንዳቸውም አላዩትም። እሷ ማርሽ አስገብታ ወደ ገበያ ሄደች፣ እኔም ለጎጎ በሬን ከፈትኩላት።