ባጃጅ ውስጥ ከፊዚክስ መምህሬ ጋር ተቀርቅሬ

ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። በግራዬ የድንጋይ ካብ፣ በቀኜ ደግሞ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ በመስኮት ዘልዬ ያመለጥኳቸው የፊዚክስ መምህር!

ሁለት ጎረምሶች ገመድ አስረው፣ ከፊት ሆነው አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ተራርቀው ይጎትታሉ። ባጃጁ ንቅንቅ አይልም።

"ለምን እንደማይወጣ ካልነገርከኝ አላሳልፍህም" አሉኝ መምህሩ።

"ጎረምሶቹ ቁርስ አልበሉም መሰለኝ፣ ቲቸር።"

አልሳቁም። ደግነቱ ከመዝለሌ በፊት የሰማኋት ነገር ነበረች።

"የእያንዳንዳቸውን ጉልበት ወደ ፊትና ወደ ጎን እንከፍለዋለን። የጎን የጎኑ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የሚደመረው የፊት የፊቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ይጠጋጉ!"

ተጠጋጉ። ባጃጁ ወጣ። እኔ ልወርድ ስነሳ፦

"ቁጭ በል! ዳገት ላይ ብንሆንስ ኖሮ?"

እስከ መናኸሪያ አልለቀቁኝም። እናንተስ መስኮት የሌለው ቦታ ከመምህራችሁ ጋር ተገጣጥማችሁ ታውቃላችሁ?