ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ

መኪናዋ ቀይ ነበረች። ታናሽ ወንድሜ ገና ከግቢው በር ላይ ሳለ ወደዳት፤ ሻጩም መውደዱን ከፊቱ አነበበ። እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ከመሪው ሥር ሦስት መርገጫ ነበራት።

ሦስት መርገጫ ካለ አንዱ ፍሪሲዮን ነው፤ ፍሪሲዮን ደግሞ የሚረገጠው በግራ እግር ነው። የእኔን ግራ እግር በአራት ዓመቴ ፖሊዮ መትቶት ቀጥኖ ቀርቷል። እሄድበታለሁ እንጂ ጉልበት የለውም። ቀኝ እግሬ ግን የሁለት እግር ሥራ ይሠራል። ብቸና ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ የስፌት መኪናዬን ሞተር ስንት ዓመት ሙሉ በዚሁ እግር ሳፈጥነውና ሳበርደው ኖሬያለሁ። ባሕር ዳር ሄጄ የአውቶማቲክ መኪና መንጃ ፈቃድ ያወጣሁትም በእሱ ነው። አስተማሪዬ ነዳጅ አረጋገጤን አይቶ "እንደ አንቺ የለሰለሰ እግር ያለው ወንድ አላጋጠመኝም" ብሎኛል።

መኪና የፈለግሁት ለጌጥ አልነበረም። ሞጣ ካሉ ትምህርት ቤቶች ትእዛዝ ስለምቀበል ልኬት ለመውሰድ እመላለሳለሁ። በሄድኩ ቁጥር የሚኒባሱ ረዳት በብብቴ ይዞ እንደ ጆንያ ይጭነኛል። ከዚያም "ቆዩ እንጂ፣ እሷ ትመቻች!" ብሎ ይጮኻል። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ከንፈር መጠጣው ከረዳቱ እጅ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር። ማንም ሳያነሳኝ ከቤቴ ተነስቼ የምፈልግበት መድረስ ነበር የፈለግሁት።

አባቴ መኪና ልገዛ መሆኑን ሲሰሙ "ግዢ። የሚነዳልሽ ወንድምሽ ነውና እሱ ይምረጥ" አሉ። ወንድሜ የነጋዴ ጭነት መኪና ይነዳል፤ በቤታችን መኪና አዋቂው እሱ ነው። እንግዲህ በራሴ መኪና ተሳፋሪ ልሆን ነው። ደሜ ፈላ። ሆኖም ብቻዬን ብሄድ ሻጭ አያናግረኝም ብዬ አስከትዬው ሄድኩ።

ሞጣ አክስታችን ቤት አድረን ጠዋት ከከተማው ዳር፣ በቆርቆሮ ወደታጠረው ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ ደረስን። እንደምንመጣ ደውለን ነበር። ሻጩ ወንድሜን ጨብጦ እኔን በአገጩ ሰላም አለኝ።

"ሐኪም ነው የያዛት፣ ወንድሜ። ከቤት ሥራ ቦታ፣ ከሥራ ቦታ ቤት። ለእህታችንም ከኋላ ምቹ ቦታ አለላት።"

ጥግ ላይ አንዲት ነጭ መኪና አቧራ ለብሳ ቆማለች። የቀኝ የፊት በሯ ተጨርምቷል፤ ሁለት መርገጫ ብቻ አላት። "ያቺስ?" አልኩት። መልሱን ለወንድሜ ሰጠው።

"እሷ የአዲስ አበባ መኪና ናት። አውቶማቲክ ለእኛ አገር አቀበትና ጭቃ አይሆንም።"

ወንድሜም "እውነቱን ነው፣ እታለም" አለ። ዓይኑ ከቀይዋ አልተነሳም።

የዚያን ጊዜ እጄን የቀይዋ ኮፈን ላይ አሳረፍኩ። ትኩስ ነበር። ጠዋት ነው፣ ግቢው ገና መከፈቱ ነው፣ ከእኛ በፊት የመጣ ገዢ የለም።

አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በቅሎ በመግዛትና በመሸጥ ነው። በቅሎ ሊገዙ ሲሄዱ ጎህ ሳይቀድ ሻጩ ደጅ ይደርሳሉ። ባለቤቱ ቀድሞ ሲያመላልሳት ካገኙት ግን ኮርቻዋን አስወርደው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ እስክትቀዘቅዝ ንቅንቅ የለም። የምታነክስ በቅሎ ሰውነቷ ሲሟሟቅ ጤነኛ መስላ ትራመዳለች። ይህን የብቸና ገበያ ሁሉ ከእሳቸው ተምሯል።

"ትቀዝቅዝ" አልኩ።

"ምኗ?" አለ ሻጩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረኝ ያኔ ነው።

"ሞተሯ። ስትቀዘቅዝ አስነስተህ ታሳየናለህ።"

"እህቴ፣ መኪና እኮ ነው፤ በቅሎ አይደለም!"

ወንድሜ በሐፍረት አንገቱን ደፋ። እኔ ከአጥሩ ሥር የተጣለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ሻጩ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው አለ፣ ቁልፉን አንቃጨለ፣ ሄዶ ተመለሰ። እኔ ጎማዬ ላይ ነኝ።

እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩት ግን ሻጩን አልነበረም። የእኔም እግር እንደዚያው ነው። ጠዋት ከመኝታዬ ስነሳ ይጎተታል፤ ጥቂት ከተመላለስኩበት ማንከሴ ብዙም አይታወቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሽማግሌዎች ለአንድ ልጅ ሊጠይቁኝ በጠዋት መጡ። አባቴ እነሱ ሳይደርሱ ቀስቅሰው "ተነሽ፣ ግቢውን ዙሪ" አሉኝ። እግሬ እስኪሟሟቅ አዞሩኝ፤ ከዚያ ጠላ ይዤ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ የልጁ እናት ማለዳ ለቅዳሴ ከቤት ስወጣ አዩኝ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። ለመቅረቱ አላዘንኩም። ያቃጠለኝ፣ አባቴ በሰው በቅሎ ላይ የማይታገሡትን በእኔ ላይ ማድረጋቸው ነው። ከዚያ ወዲህም ማንም ሳያዘኝ፣ በየጠዋቱ ክፍሌን ዞሬ ነበር ከሰው ፊት የምወጣው።

ረፋድ ላይ ኮፈኑ በረደ። ሻጩ ቀይዋን ሊያስነሳ ሞከረ፤ አጉረመረመችና ጠፋች። በአራተኛው ተነሳች፣ ግቢውንም በሰማያዊ ጭስ ሞላችው። ወንድሜ እጁን ኪሱ ከተተ።

"አሁን ነጯን" አልኩ።

የነጯ ባትሪ ሞቷል። "የቀይዋን ፈትተህ እሰርላት" አልኩት። ሻጩ እየተነጫነጨ አሰረላት። ቁልፉን ለወንድሜ ሲዘረጋ መሐል ገብቼ ተቀበልኩትና ከመሪው ኋላ ተቀመጥኩ። በአንዴ ተነሳች። የተጨረመተው በሯ ከውጭ አይከፈትም ነበር፤ ለወንድሜ ከውስጥ ከፈትኩለት። ከከተማው ወጥተን ዳገቱን እስከ ላይ ድረስ ነዳሁ፣ መሐል ላይ አቁሜ እንደገና ተነሳሁ። ወደ ኋላ እንኳ አልተንሸራተተችም።

"እታለም፣ እኔ እንግዲህ ሥራ ፈታሁ" አለ ወንድሜ።

"ልብስ መስፋት አስተምርሃለሁ" አልኩት።

ነጯን አዲስ ባትሪ አስገብቼ ገዛሁ፤ ከነጭርምቷ። በቅሎ ብትሆን አባቴ የጀርባዋን ገጣባ አይተው ነበር የሚገዟት፤ የእሷ ቁስልም ፊት ለፊት የሚታይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ብቸና ገባሁ። አባቴ ከደጃፍ ሆነው አዩና "ነገ ጠዋት አያታለሁ" ብለው ገቡ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ መኪናዋ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በክፍሌ መስኮት አየኋቸው። እጃቸው ኮፈኗ ላይ ነው። እንደወትሮዬ ክፍሌን ልዞር አንድ እርምጃ ጀምሬ ተውኩት። በሩን ከፍቼ እንደነቃሁ ወጣሁ። እግሬ አፈሩን እየጎተተ፣ ጎረቤት እያየኝ፣ አባቴ እያዩኝ፣ ግቢውን አቋርጬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። በአንዴ ተነሳች።

መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። "አባባ፣ ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን እኔንም እንዲህ ቢያሳዩኝ ምን ነበረበት?"

ቀስ ብለው ተነሱ፣ በዚያኛው በኩል ዞረው የተጨረመተውን በር ታገሉት። ትንሽ አስጠበቅኋቸው። ከዚያ ከውስጥ ከፈትኩላቸውና አጠገቤ ተቀመጡ።

"በድዬሻለሁ" አሉ ፊት ለፊት እያዩ። ቀጥለው ደግሞ "በገበያው በኩል ውሰጂኝ። ቀስ ብለሽ፣ ሰው እንዲያይሽ" አሉ።

በገበያው በኩል ወሰድኳቸው። ቀስ ብዬ ግን አልነዳሁም።